ባሌስትራ ያስጨመርሁባት መኪና

በ2009 ዓ.ም. ከወንድሜ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንዲት ያገለገለች ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ፒክአፕ ገዛን። ሞተሯ ጤነኛ ነበረ፤ ዳሩ ግን ጥቂት ጭነት ባየች ቍጥር ጅራቷ ወደ መሬት ዝቅ፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና ይል ስለ ነበረ የሚያያት ሁሉ ይስቅባት ነበር። እኔም በወር ደመወዝ የምተዳደር የመንግሥት ሠራተኛ በመሆኔ፣ ሌላ ለመግዛት ማሰቡን ትቼ ያለችኝን ለማሻሻል ቈረጥሁ። በዚህ ሥራ የሠራሁትን ስሕተት ለአንባቢ ለመንገር የወደድሁት፣ ገንዘቤ ትንሽ ቢሆንም የጐዳኝ ትንሽነቱ ሳይሆን ያወጣሁበት ቅደም ተከተል ስለ ነበረ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ባሌስትራ ማስጨመር ነበረ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። የአፍ መፍቻዬ ትግርኛ ስለ ሆነ፣ ወደ አዲስ አበባ በመጣሁ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ አማርኛ ብዙ አስቸግሮኝ ነበረ፤ በጋራዥ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተቸገርሁም። ባሌስትራ፣ ጎማ፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ ወደ ሁለቱም ቋንቋዎች የገቡ ስለ ሆኑ፣ በአሥመራም በመቀሌም በአዲስ አበባም ያው ናቸው። አማርኛ በመማር ላይ ያለ ባለሥልጣን መኪናው በመንገድ ብትበላሽበት፣ ከሰዋስው መጽሐፉ ይልቅ እነዚህ ቃላት ይረዱታል።

ባሌስትራ የሚባለው በመኪናይቱ የኋላ እግሮች ላይ ተደራርቦ የታሰረው የጐበጠ ብረት ነው። ባለ ጋራዡ ከአይሱዙ የጭነት መኪና የተገኘ አንድ ወፍራም ንጣፍ ጨመረልኝ። ጅራቷ ከፍ አለ፤ እኔም አዲስ ልብስ እንደ ለበሰ ሰው በሱቆች መስተዋት እያየኋት ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

በጥር ወር 2010 ዓ.ም. የባለቤቴን እናት ለማምጣት ወደ ደብረ ማርቆስ ሄድን። አማቴ ባዶ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ቤት መምጣት የማይወዱ ሴት ስለ ሆኑ 5 ኩንታል ጤፍ አስጫኑን። ከደጀን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሸለቆው ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ቍልቍለቱን እንደ ጀመርን፣ አስፋልቱ በተጣጠፈበት ስፍራ ሁሉ መኪናይቱ አንድ ጊዜ ተነሥታ በመርጋት ፈንታ ሦስት አራት ጊዜ ትነጥር ጀመር። በአንዲት ኩርባ ላይ የኋላ እግሮቿ ከመሬት ተላቅቀው አንድ ክንድ ያህል ወደ ገደሉ ፈቀቅ አሉ። ልጆቹ ጮኹ። እንዴት አድርጌ እንዳቆምኋት ዛሬም በደንብ አላስታውስም።

አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በሩን ከፍተው ወረዱ።

«እማማ፣ ይግቡ እንጂ፤ ቀስ ብዬ እነዳለሁ» አልኋቸው።

«አንተ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ልጄ፤ እኔም ቀስ ብዬ በእግሬ እመጣለሁ» አሉኝ።

ባለቤቴም ልጆቹን ይዛ ተከተለቻቸው። ቤተ ሰቤ በመንገዱ ዳር በእግሩ፣ እኔ ከጤፉ ጋር ብቻዬን በመኪና፣ እንዲህ ሆነን ግማሽ ሰዓት ያህል ወረድን። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አዲስ አበባ እንደ ደረስን መኪናይቱን ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድኋት። ሽማግሌው ምንም መሣሪያ ሳያነሡ የኋላ ማዕዘኗን በሁለት እጃቸው ተጭነው ለቀቁት፤ እርስዋም እንደ ሕፃን ዕልቅልቆሽ ተወዛወዘች። ደኅና ብትሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ተነሥታ ትረጋ ነበር። ምክንያቱንም አስረዱኝ። ባሌስትራ ክብደቱን ይሸከማል፤ ሲጫኑትም የተጫነበትን ኀይል አጠራቅሞ መልሶ ይወረውራል። ይህን ውርወራ የሚገታው ሾክ አብዞርበር ነው፤ በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ ንቅናቄው ወደ ሙቀት ተለውጦ ይበርዳል። የእኔዎቹ ዘይታቸው ፈስሶ አልቆ ነበር። በሞተ ሾክ ላይ ብርቱ ባሌስትራ መጨመሬ ልጓም ለሌለው ፈረስ ገብስ እንደ መቀለብ ነበረ።

«ደግሞስ ምን ያህል ጭነህ ነበር?» አሉኝ። 5 ኩንታል ብቻ አልሁ። ሳቁ። 500 ኪሎው ጤፍ ነው፤ በጋቢናው የተቀመጥነው አምስት ሰዎች ወደ 250 ኪሎ እንሆናለን፤ ያም ከጭነቱ ጋር ይቈጠራል። ብረት ስለ ተጨመረ መኪናይቱ እንድትሸከም የተፈቀደላት ክብደት አይጨምርም፤ አክስሉና ፍሬኑ ያው የጥንቱ ናቸውና።

ሽማግሌው ወፍራሙን ንጣፍ አውጥተው፣ የላላውን ነባር ባሌስትራ አስጐበጡት፤ ያለቁትንም ጎሚኒዎች፣ ማለት ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚገቡትን የጎማ ቀለበቶች፣ ለወጡ። በእጄ የቀረው ገንዘብ ለሁለት ሾክ በቃ። ጎማው ግን መጠበቅ ነበረበት።

ለሁለት ጎማ 7 ወር አጠራቀምሁ። የባለቤቴ ወንድም «ከፍ ያለና ሰፊ ግዛ፣ ግርማ ይሰጣታል» ይለኝ ነበር። ትልቅ ጎማ ግን የፍጥነት መለኪያውን ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዲያነብ ያደርገዋል፤ ሞተሩንና ፍሬኑንም ያደክማል። ስለዚህ በነበረው ልክ፣ በ205 አር 16 ሲ፣ ጸናሁ። ከልኩ አጠገብ 110 የሚል ቍጥር ነበረ፤ ትርጓሜውም አንዱ ጎማ ብቻውን እስከ 1,060 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው።

በነሐሴ ወር አንድ ነጋዴ ከሌሎቹ ዋጋ በጣም ያነሰ ጎማ አቀረበልኝ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥርሱ ያልተነካ ነበረ። ዕድሜውን ስጠይቀው በጎኑ ላይ የተቀረጸውን 2410 አሳየኝና «ይመልከቱ ጌታዬ፣ 10 ይላል፤ የዘንድሮ ነው» አለኝ። እውነት ነው፣ ዓመቱ 2010 ነበረ፤ በእኛ አቈጣጠር። የጎማ ፋብሪካ ግን የሚጽፈው በፈረንጆች ዘመን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ እንግዲህ ያ ጎማ የተሠራው በ2010 እ.ኤ.አ. በ24ኛው ሳምንት፣ ማለት በእኛ ሰኔ 2002 ዓ.ም. ነበረ። ስምንት ዓመት! ጎማ ተቀምጦም ያረጃል፤ ሙቀትና ፀሐይ ያደርቁታል። ብዙ አምራቾችም ጥርሱ ባይበላ እንኳ 10 ዓመት ሲሞላው እንዲለወጥ ይመክራሉ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሁለቱን የዘመን አቈጣጠር እንድናመሳክር መምህራችን በአርጩሜ ሲያስተምሩን ምን ይጠቅመናል እያልሁ አጕረመርም ነበር።

ነጋዴው ያውቅ ይሆን ወይስ አያውቅ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ከሌላ ሱቅ 0818 የሚል ሁለት ጎማ ገዛሁ፤ የየካቲት 2010 ዓ.ም. ሥራ መሆኑ ነው።

ጎሚስታው አዲሶቹን ከፊት ሊያስገባ ሲል ከለከልሁት። እርሱም «መሪው ያለው ከፊት ነው» ብሎ ተከራከረኝ። የፊት ጎማ ቢንሸራተት ነጂው ፍጥነቱን ቀንሶ ሊመልሳት ይችላል፤ የኋላው ሲከዳ ግን መኪናይቱ ትዞራለች፤ ይህንም የዓባይ ኩርባ አስቀድማ ነግራኛለች። ከኋላ አስገባቸው።

በጥር 2011 ዓ.ም. ያንኑ መንገድ ከአማቴ ጋር ተመለስንበት። 3 ኩንታል ብቻ ጭነናል፤ የጎማውን ነፋስ ጧት ሳይሞቅ አስለክቻለሁ። መኪናይቱ አንድ ጊዜ ብቻ እየተነሣች ትረጋለች። ከዚያች ኩርባ ስንደርስ አማቴ «አቁም» አሉኝ። ወርደው የኋላ እግሮቿን ተመለከቱና፣ ምንም ሳይናገሩ ኩርባዋን በእግራቸው አልፈው ከታች ቆሙ። እኔ ስወርድ ዓይናቸውን ከጎማዎቹ ላይ አልነቀሉም። ከዚያም ገብተው እስከ ድልድዩ ድረስ ስለ ጤፍ ዋጋ አጫወቱኝ።