ሽማግሌ ያልተላከበት ጋብቻ

ከሠርግ የሚያስጠላኝ ከሠርጉ በፊት ያለው ምርመራ ነው። «የማን ልጅ ነው? አገሩ የት ነው? ምን አለው?» እየተባለ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የሙሽራው ጠባይ ከተጠየቀም የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው። ለዚህ ይሆናል እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሊር የጻፈው የጉጉቱና የድመቷ ተረት ገና ሳነበው ልቤን የወሰደው። እዚያ ሠርግ ላይ ማንም ምንም አይጠይቅም።

ተረቱ በግጥም የተጻፈ አጭር ነገር ነው። ጉጉትና ድመት በአረንጓዴ ጀልባ ባሕር ይገባሉ። ስንቃቸው ማር ነው፤ ገንዘብም ይዘዋል፣ ያውም በባለ አምስት ፓውንድ ኖት ጠቅልለው። ጉጉቱ ጊታሩን እየመታ ያሞካሻታል፤ «እንጋባ» የምትለው ግን እሷ ናት። የጎደላቸው ቀለበት ብቻ ነው። አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ተጉዘው አፍንጫው ላይ ቀለበት ያንጠለጠለ አሳማ ያገኛሉ። አሳማው «ለመሆኑ ወፍና ድመት እንዴት ሆኖ?» አይልም፤ በአንድ ሽልንግ ይሸጥላቸዋል፣ ዋጋ እንኳ አይከራከርም። በማግሥቱ ተርኪ ዶሮ ያጋባቸዋል፤ ማታ በጨረቃ ይደንሳሉ።

ይህን ሠርግ የደገሰው ሰው ለራሱ አልሆነለትም። ሊር እ.ኤ.አ. በ1812 ለንደን ውስጥ፣ ልጅ ከበዛበት ቤት ተወለደ፤ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። ከልጅነቱ የሚጥል በሽታ ነበረበት። በዚያ ዘመን የሚያሳፍር ደዌ ስለነበር ዕድሜውን ሙሉ ደበቀው፤ በታመመ ቁጥር በዕለት ማስታወሻው ላይ የመስቀል ምልክት ብቻ ያሰፍር ነበር። በ1846 ለንግሥት ቪክቶሪያ ሥዕል አስተምሯል። ቤተ መንግሥት የደፈረው ሰው ትዳር አልደፈረም። ኦገስታ ቤተል የምትባል የአንድ ሎርድ ልጅ ለዓመታት በልቡ ኖራ፣ እሷን መጠየቅ ሲገባው እህቷን አማከረ። እህትየዋም እንደማይሆን ነገረችው። ከዚያ በፊት ፍራንክሊን ለሺንግተን ለተባለ ወዳጁ የነበረው ፍቅርም በልኩ እንዳልተመለሰለት የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይተርካሉ።

ግጥሙ የተጻፈው በ1867 መጨረሻ፣ ፈረንሳይ አገር ካን ከተማ፣ ጃኔት ሲሞንድስ ለተባለች ሕፃን ነው። አባቷ ጸሐፊው ጆን አዲንግተን ሲሞንድስ ትዳርና ልጆች ያሉት፣ ልቡ ግን ወደ ወንዶች ያደላ ሰው ነበር። የአገሩ ሕግ ይህን ይቀጣ ስለነበር ሚስጥሩን ያሰፈረበት ማስታወሻ ተቆልፎበት ኖሮ በመጽሐፍ የወጣው በ1984 ነው። ተረቱ መደበቅ ምን እንደሆነ አሳምሮ ከሚያውቅ እጅ ወጥቶ፣ መደበቅን አሳምሮ ወደሚያውቅ ቤት ገባ ማለት ነው።

የተረቱን ሥዕልም የሠራው ሊር ራሱ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ የለንደን መካነ አራዊትን በቀቀኖች ላባ በላባ መሳል ጀምሮ በ1832 መጽሐፍ ያወጣባቸው ሰው፣ ጉጉቱን በጥቂት የብዕር ጭረት ጊታር አስይዞ ጀልባ ላይ አስቀመጠው። ጉጉቱን እንደ በቀቀኖቹ አጥርቶ ቢስለው ኖሮ ድመቷ ምን እንደምታደርግ ሁላችንም እናውቃለን።

ከሠርግ በኋላ ያለውንም ኑሮ ሊጽፍ ሞክሮ ነበር። በዚያኛው ድመቷ ከዛፍ ወድቃ ትሞታለች፤ ከፊል ወፍ ከፊል አውሬ የሆኑ ልጆቿ ይቀራሉ። ሳይጨርሰው ተወው፤ የታተመውም እሱ ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1938 ነው።

ከሁሉም ግን የምወደው አሳማውን ነው። ጥንዶቹን ለመቀበል ስብከትም ስብሰባም አላስፈለገውም፤ የጎደላቸውን ሸጠላቸው፣ አበቃ። ከማኅበረሰብ የሚጠበቀው ከዚህ አይበልጥም።