ስሙ አለ፣ ድምፁ የለም

የአባባ ስልክ አበጠ።

እማዬ ደውላ የነገረችን ይህንኑ ነው። ‹‹ስልካቸው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ሽፋኑን ገፍቶታል፤ ምን ይሻላል?›› (ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህታችን ነን። አንዳችን ስንጽፍ ሁለታችን ከኋላ ቆመን ስለምናርም ‹‹እኛ›› ብሎ መጀመሩ ቀለለን። ‹‹እኔ›› ብንል እንጣላለን።) ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሞባይል የሚጠግን ልጅ ስልኩን አገላብጦ አየና ‹‹ባትሪው ነው ያበጠው። እቀይረዋለሁ፤ ግን ጀርባው በማጣበቂያ የታሸገ ስለሆነ ስከፍተው አንድ ነገር ቢሄድ ኋላ እኔን እንዳትሉኝ። መጀመሪያ ዕቃችሁን አውርዱ›› አለ።

ዕቃችሁን! ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ልንገራችሁ።

አባባ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ስማርት ስልክ ገዝተን ስንሰጣቸው ከሁሉም የወደዱት ድምፅ መቅጃውን ነበር። መጻፉ አልሆነላቸውም፤ ፊደሎቹ ለጣታቸው ይጠቡባቸዋል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ይቀመጡና ለስልኩ ያወሩለታል። በ1972 ዓ.ም. ከማሰልጠኛ ወጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስተምሩ ወደ ወረኢሉ የሄዱበትን መንገድ፣ ያደሩበትን ቤት ባለቤት ስም፣ የአያቶቻችንን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት፣ የትኛው ዘመድ ከየትኛው ጋር በምን እንደተጣላ (ይኼኛው ረጅም ነው)። ሁሉም ቅጂ የሚጀምረው እንደ ሬዲዮ ዜና ነው፤ ‹‹እንግዲህ፣ ዛሬ ቀኑ ጥር 9 ቀን 2012 ዓመተ ምሕረት ነው። ቦታው ደሴ።››

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰቡ ቤቱን ቆልፎ ወጣ። ሲመለሱ ቤቱ ተከፍቷል፣ አሮጌው ዴስክቶፕ የለም፤ የእኛ የልጅነት ፎቶዎች፣ ስካን ያደረግነው የሠርጋቸው ፎቶ፣ ሁሉም አብሮት ሄደ። የተረፈው በአባባ ኪስ ውስጥ የነበረው ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ለሰው አያበድሩም፤ ሲተኙም ከትራሳቸው ሥር ነው።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ተመለሰ፣ ንግግራቸው ግን አልተመለሰም። የምንላቸውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፣ በቀልድ ይስቃሉ። ከአፋቸው የሚወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ‹‹እንግዲህ።›› ሲደሰቱ እንግዲህ፣ ሲቆጡ እንግዲህ፣ ቡናው ሲዘገይ እንግዲህ። ጠጋኙ ልጅ አውርዱ ያለን ዕቃ ይህ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ለጥምቀት ሦስታችንም ደሴ ገባን። ታላቃችን ፍላሹን ከመርካቶ ገዝቶ መጥቷል። ላዩ ላይ 512 ጊጋ ባይት ይላል፤ ዋጋው ከአንድ ኪሎ ሥጋ ያንሳል። ያኔ መጠርጠር ነበረብን። ግን እኛ ፍላሽን የምናምን ትውልድ ነን። ዩኒቨርሲቲ እያለን 2 ጊጋ ፍላሽ በገመድ አንገት ላይ ማንጠልጠል እንደ ጌጥ ነበር፤ አሳይንመንቱ፣ ዘፈኑ፣ ፊልሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቫይረሱ በእሱ ይዞራል። ኢንተርኔት ቤት ሰክተን ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ሲመለስ ያለቀስን ብዙ ነን። የመጀመሪያዎቹ የዩኤስቢ ፍላሾች እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ሲቀርቡ 8 ሜጋ ባይት ብቻ ይይዙ ነበር። የአባባ ድምፅ መቅጃ በደቂቃ አንድ ሜጋ ገደማ ስለሚበላ፣ የዚያን ዘመን ፍላሽ ሙሉ ማለት አባባ ስምንት ደቂቃ ሲያወሩ ማለት ነው። በስምንት ደቂቃ አባባ ገና ሰላምታ አይጨርሱም።

ወደ ሥራው እንመለስ። ሁለት መንገድ ነበረን። አንደኛው ኦቲጂ የምትባለዋን ትንሽ ማገናኛ ስልኩ ላይ ሰክቶ ፍላሹን በቀጥታ ማስገባት ነው። ኮምፒውተር አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ፍላሹ ኃይል የሚስበው ከስልኩ ስለሆነ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ስልኩ መሐል ላይ ቢጠፋ ደግሞ እየተጻፈ ያለው ፋይል ይበላሻል። ሁለተኛው በኬብል ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት ነው። ኬብሉ ደግሞ ባትሪውን ቻርጅ ያደርገዋል፤ ያበጠ ባትሪ ቻርጅ ማድረግ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አንዱ ያስርበዋል፣ አንዱ ያጠግበውና ይፈነዳል። ከተከራከርን በኋላ የባትሪው ቻርጅ 30 በመቶ ላይ እያለ በኬብል ጀምረን፣ 60 ሲደርስ ነቅለን፣ እየበረደ ደግመን ለመሰካት ተስማማን። እማዬ ክርክራችንን ሰምታ ሸክላ ምጣድ ይዛ መጣች። ‹‹እዚህ ላይ አድርጉት፤ ቢነድም ምጣዱ ለምዶታል›› አለች። ሥራው ሁሉ የተሠራው በምጣድ ላይ ነው፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ በጥር ብርድ።

የመጀመሪያው ኬብል አልሠራም። ቻርጅ ያደርጋል እንጂ ላፕቶፑ ስልኩን አያየውም፤ ርካሽ ኬብሎች ውስጥ ዳታ የሚያልፍበት ሽቦ ጭራሽ የማይገባባቸው አሉ። ሁለተኛው ሠራ፤ ግን ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ታየን። ታናሻችን ደነገጠ። ለካ ስልኩ ስክሪኑ ሲቆለፍ ፋይሉን አያሳይም፤ ከፍቶ ‹‹ፋይል ማስተላለፊያ›› የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። የስልኩን መክፈቻ የሚያውቁት አባባ ብቻ ናቸው። መናገር አይችሉም፤ ጣታቸውን ግን ሰጡን። በየአምስት ደቂቃው ስክሪኑ በተቆለፈ ቁጥር አውራ ጣታቸውን እየዘረጉ ‹‹እንግዲህ›› ይላሉ፣ እንደ ማኅተም አሳራፊ ሹም።

ከዚያ የእህታችን የሠርግ ቪዲዮ እምቢ አለ። ፍላሹ ላይ ከ400 ጊጋ በላይ ባዶ ቦታ እያሳየ ‹‹ፋይሉ ትልቅ ነው›› ይለናል። ይህን እንኳ እናውቀው ነበር። ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ አንዱን ፋይል ከ4 ጊጋ ባይት በላይ አይቀበልም፣ ቦታ ቢትረፈረፍም። ፎርማት አድርገን ወደ ኤክስፋት ቀየርነውና ከመጀመሪያ ጀመርን። ፎቶና ቪዲዮ አስቀደምን፤ ብዛት ስላለው። ድምፁን ለመጨረሻ አቆየነው፤ ‹‹ትንሽ ናት፣ 3 ጊጋ እንኳ አትሞላም›› ብለን።

አረንጓዴዋ መስመር ስትሳብ ሌላ ሥራ አልነበረንም። አንዴ ስልኩ እየበረደ ሳለ እህታችን የአባባን ቴሌግራም ከፈተች። አባባ ከመታመማቸው በፊት ለእያንዳንዳችን አጫጭር የድምፅ መልእክት ይልኩልን ነበር። ረጃጅሞቹ ቅጂዎች ፓኬጅ ስለሚበሉባቸው አይልኳቸውም፤ ‹‹ስትመጡ ትሰሙታላችሁ›› ይሉ ነበር። አጭሩን ልከው ማታ ይደውላሉ። ‹‹ሰማችሁት?›› ‹‹አዎ አባባ፣ ሰማነው።››

ቴሌግራም ላይ ያልተሰማ የድምፅ መልእክት ከደቂቃው አጠገብ ትንሽ ነጥብ አለችው። ተቀባዩ ሲያዳምጠው ነጥቧ ትጠፋለች፤ በላኪውም ስልክ ላይ ትጠፋለች። እህታችን ወደ ላይ ስትስበው ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። የሦስታችንም። ከመካከላችን ማን ብዙ ነጥብ እንዳለው አንነግራችሁም፤ ለነገሩ ልዩነቱ የሚያኮራ አይደለም። አባባ ነጥቧ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ እንደሆነ ቀና ብለን አየናቸው። እሳቸው ምጣዱን ነው የሚያዩት። ጠይቀን ደግሞ ‹‹እንግዲህ›› ቢሉን የትኛው እንግዲህ እንደሆነ በምን እንለያለን?

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አለቀ። 214 ቅጂ፣ ከነስማቸው፣ ከነመጠናቸው፣ ከነቀናቸው ፍላሹ ላይ ተሰለፉ። ፍላሹን ዝም ብለን አልነቀልነውም፤ ‹‹ኢጀክት›› ብለን፣ ‹‹አሁን መንቀል ትችላላችሁ›› እስኪል ጠብቀን ነው። ታላቃችን ስልኩን ያነሳና ‹‹በቃ፣ ሪሴት አድርጌው ነገ ለልጁ ንጹሑን እንስጠው›› ይላል። የልጁን ሱቅ ሰው ስለሚበዛበት የቤተሰብ ምስጢር ይዞ መሄዱ አልተዋጠለትም። ትክክል ነበር ማለት ይቻላል።

ጣቱ ‹‹ሁሉንም አጥፋ›› የሚለው ላይ ሳለ ታናሻችን ‹‹ቆይ፣ አንዷን ለአባባ እናሰማቸው›› አለና ፍላሹን መልሶ ሰካው። የመጀመሪያዋን ነካ። አልከፈተችም። ሁለተኛዋ ከፈተች፣ ፀጥ አለች፣ ተዘጋች። አሥረኛዋ፣ ሃምሳኛዋ፣ ሁለት መቶኛዋ። ስሙ አለ፣ ድምፁ የለም። ፎቶዎቹን አየን፤ የድሮዎቹ ደህና ናቸው፣ ወደ መጨረሻ ያሉት ግማሻቸው ግራጫ ነው። ማንም ምንም አልተናገረም። አባባ ብቻ ተነሥተው ከታላቃችን እጅ ስልኩን ወሰዱና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፣ ከነእብጠቱ።

ምን እንደሆነ ያወቅነው በማግሥቱ ነው። ፍላሹ ውሸታም ነበር። በውስጡ ያለችው ማስታወሻ ትንሽ ሆና ሳለ ተቆጣጣሪዋ ቺፕ ‹‹512 ነኝ›› ብላ እንድትመልስ ተደርጋለች። ኮምፒውተሩ የሚያምነው መልሷን ነው። የፋይሎቹ ስም ዝርዝር የሚጻፈው መጀመሪያው አካባቢ፣ እውነተኛው ቦታ ላይ ስለሆነ ሁሉም ያለ ይመስላል። እውነተኛው ቦታ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ግን ወይ የትም አይጻፍም፣ ወይ በሌላው ላይ ይደረባል። ስሕተት ነው የሚል መልእክትም አይመጣም። አረንጓዴዋ መስመር እስከ መጨረሻ ትሄዳለች። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን በራሱ ዳታ ይሞላና መልሶ ያነብበዋል። 60 ጊጋ ብቻ እንዲፈትን አዘዝነው፤ ደህና ሆኖ የተገኘው 29 ጊጋ ገደማ ነው። እንግዲህ ድምፁን ለመጨረሻ ማቆየታችን ምን እንዳደረገ ገባችሁ።

ሻጩን መውቀስ ይቻላል፤ ምናልባት እሱም ተታሎ ነው የሚሸጠው። እኛ ግን ያንን ሌሊት ስናስበው የሚያመን ሌላ ነው። ዝርዝሩን አይተን ‹‹አለቀ›› ብለን ነበር። ነጥቦቹን ካየን ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ደግመን ሳንሰማ ሰማነው ልንል ነበር።

ቀሪውን ባጭሩ እንናገር። ከታላቃችን የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ላይ የማያስፈልገውን አጥፍተን ቦታ ሠራን፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ ቀደመ። አባባ ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው ለመስጠት አንድ ጠዋት ሙሉ ፈጀባቸው። ከሌላ ሱቅ፣ ፈትነን፣ ሁለት ባለ64 ፍላሽ ገዛን። ያንንም ተቆልፎ ቢቀመጥ ለዘላለም ይኖራል ብለን አይደለም፤ ፍላሽ ነገሩን የሚይዘው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሆነ ሳይሰካ ዓመታት ሲቆይ ሊደክም ይችላል። አንዱ ደሴ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሦስተኛው ቅጂ ላፕቶፑ ላይ። ጠጋኙ ልጅ ባትሪውን ቀየረው፣ ስክሪኑም አልተሰበረ። ይህን ሁሉ ጣጣ ስንነግረው ‹‹እኔ አውርዱ ነው እንጂ የት አውርዱ አላልኩ›› ብሎ ሳቀብን።

አሁን የቀረን ስም ማውጣት ነው። መቅጃው ፋይሎቹን የሰየመው በፈረንጅ ቀን ነው፤ 20200118 ይላል፤ አባባ ደግሞ ውስጡ ሆነው ‹‹ጥር 9 ቀን 2012›› ይላሉ። ስለ ምን እንደሆነ የሚታወቀው ሲሰማ ብቻ ነው። ደሴ በሄድን ቁጥር ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ እንቀመጥና አንድ ሁለቱን እስከ መጨረሻው እንሰማለን፤ ርዕስ እንገምታለን፣ አባባ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ ወይም እጃቸውን ያወራጫሉ። ‹‹የወረኢሉ መንገድ፣ አንደኛ›› ያልነውን አልተቀበሉንም። ‹‹የተሰበረው ጫማ›› ስንል ሳቁ፤ እሱ ሆነ።

እስካሁን 61 ሰይመናል። 62ኛው የዘመዶቹ ጠብ ነው፣ 47 ደቂቃ። ባለፈው ልንጀምረው ስንል ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ገባች፤ እማዬም ‹‹ይኼንን ዛሬ እንዳትከፍቱት፤ እናቷ አለችበት›› አለችን።