36 ድንጋይና አንድ ገጽ

ግጥም የከሸፈ እንደሆነ ጸሐፊው ራሱ ቶሎ ይሰማዋል፤ ጆሮ ይፈርዳል። ሰውን ለማሳመን የሚጻፍ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ጸሐፊው ገና ብዕሩን ሳያነሣ ያመነበት ጉዳይ ስለሆነ የጻፈው ሁሉ እውነትም ጣፋጭም መስሎ ይታየዋል። የራስን የክርክር ጽሑፍ ማረም ከሆሄ ለቀማ የሚከብደው ለዚህ ይመስለናል፤ ያላመነ ሰው ሆኖ ማንበብን ይጠይቃል። ይሄ ደግሞ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው በቀላሉ አይመጣም። እኛን የጠቀመን ሦስት መሆናችን ነው።

ጉዳያችን ጥያ ነው። በቡታጅራና በወልቂጤ ለሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን አንድ ጽሑፍ ልንልክ ተነሣን፤ ተማሪዎቻቸውን በዓመት አንድ ቀን ወደ ጥያ ይዘው እንዲመጡ። ከአዲስ አበባ ቡታጅራ የተመላለሰ ሰው ጥያን ያውቃታል። ማለትም ስሟን ያውቃል፤ ረዳቱ ወራጅ አለ ወይ ብሎ ሲጠራት ሰምቷል። ወርዶ ድንጋዮቹን ያየው ግን ስንቱ ነው? ክፍላችን ውስጥ ጠይቀን ነበር። የአክሱምን ሐውልት በፎቶግራፍ ለይቶ የማያውቅ አልተገኘም፤ ጥያን በዓይኑ ያየ ግን ከእኛ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለቱ እኮ በዩኔስኮ መዝገብ የገቡት በአንድ ዓመት፣ በ1972 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1980) ነው!

የመጀመሪያው ረቂቅ አምስት ገጽ ነበር። «የሦስት ሺህ ዘመን ገናና ታሪክ ባለቤት የሆነችው አገራችን» ብሎ ይጀምርና ጥያ የምትለው ቃል የምትመጣው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ከሦስታችን የሶዶዋ ልጅ አነበበችና፣ «ይሄን ዐረፍተ ነገር ከዚህ ነቅላችሁ ጎንደር ላይ ብትተክሉት አንድ ፊደል አይለወጥም» አለች። ከዚያ በኋላ ይቺን መፈተኛ በየመስመሩ ሞከርናት። «እጅግ ድንቅ የሆነ ቅርስ»፦ ለሐረር ጀጎልም ይሆናል፤ ወጣ። «አባቶቻችን ያወረሱን»፦ ወጣ። «ሊጠበቅና ሊከበር ይገባዋል»፦ ኧረ ለጣና ዓሣም ይባላል፤ ወጣ። አምስቱ ገጽ በአንድ ማታ ሁለት ሆነ። የቀረው ሌላ የትም ሊተከል የማይችለው ነው፦ 36 ድንጋዮች፣ ከነሱም 32ቱ የተቀረጹ፤ ጎራዴ፣ ክብ፣ ቅጠል ያለው ተክል የሚመስል ምልክት።

ከዚህ ወዲያ የመጣው ጠብ ግን በመፈተኛ የሚያልቅ አልሆነም።

አንዱ ጠብ ስለ መቃብሮቹ ነው። ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክት ናቸው። አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ያገኟቸው ሙታን እንደ ፅንስ ተጣጥፈው የተቀበሩ፣ ዕድሜያቸውም ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚገመት ወንዶችና ሴቶች ናቸው። ረቂቁ ላይ «በጦር ሜዳ የወደቁ ጀግኖች» የሚል ነበረበት። ማማሩ! ሲነበብ ደረት ያስነፋል። ነገር ግን ጎራዴው ምን ማለት እንደሆነ የቀረጹት ሰዎች ጽፈው አልተዉልንም። የጎራዴው ብዛት ሟቹ የገደላቸውን ሰዎች ይቆጥራል የሚሉ አሉ፤ ግምት ነው። «ርእሰ መምህሩ ይሄን ከየት ያውቃል?» ተባለ። «የታሪክ አስተማሪውን ጠርቶ ቢጠይቀውስ?» ተባለ። በአንዲት ቃል ከተያዝን 36ቱም ድንጋይ አብሮ ይወድቃል። ጀግኖቹን አወጣንና ዕድሜውን ብቻ ተውነው፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሚጀምር ዕድሜ።

ሌላው የስም ነገር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጥን። የአካባቢው ሰው ድንጋዮቹን «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። የሶዶዋ ልጅ ከአያቷ የሰማችው ይሄንኑ ነው፤ የተማረውም ያልተማረውም የሚያውቀው ስም ስለሆነ አንባቢን ይይዛል ብላ ጽሑፉ ከዚሁ እንዲጀምር ፈለገች። የቡታጅራው ልጅ ዝም ብሎ ቆየና፣ «አባቴ እዚህ ቃል ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ያስቀምጠዋል» አለ። በነሱ ቤት ሰውየው ኢማም አሕመድ ናቸው፤ ግራኝ የሚለው ቅጽል ከጠላት አፍ የወጣ ስድብ ነው። እሷም አልተመለሰችም። «አያቴ የሚሉትን ስም ብትሰርዙት ወረቀቱን የሚያስቀምጡት ደግሞ እሳቸው ናቸው፤ ስለ ሌላ ድንጋይ የተጻፈ ነው የሚመስላቸው» አለች።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ደግሞ ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለሚያነብ ሰው ነበር የሚናገሩት፤ በቡታጅራና በሶዶ ተማሪ ወላጆች ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሰው አለ። «ልዩ ልዩ ስያሜዎች አሉት» ብሎ መሸሽ ቀላሉ መንገድ ነበር። ይህን የመሰለ ዐረፍተ ነገር በየደብዳቤው ሞልቷል፤ ማንንም አያስቀይምም፣ ማንንም አያሳምንም። ጥናቱ የሚለው ድንጋዮቹ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከኢማሙ ዘመን፣ ቀደም ብለው የቆሙ መሆናቸውን ነው። ታዲያ ሲጻፍና ሲሰረዝ ቆይቶ የገባው ይህ ነው፦ «ሽማግሌዎች የግራኝ ድንጋይ ይሏቸዋል፤ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሳይወለዱ ግን ድንጋዮቹ ቆመው ነበር።» የቡታጅራው ልጅ ተቀበለ። ብቻ «ይሏቸዋል» የምትለዋን ቃል ማንም እንዳይነካት ከሥሯ አሰመረባት። እሷ ከወጣች ስሙ የኛ ሊሆን ነው።

የቀረው የጆሮ ሥራ ነበር። ጮክ ብለን አነበብን። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ጸሐፊው መሃል ላይ «የሆነውንና የተባለውን» እየደረበ አንባቢውን አፍኖ ሊያቆየው ይችላል። አንባቢያችን ትንፋሽ ያጠረው ቦታ ላይ አራት ነጥብ አደረግን። «ይገባል»፣ «ይኖርበታል»፣ «ግዴታ ነው» የሚሉትን ቆጠርናቸው፤ 11 ሆኑ። ርእሰ መምህር ከላይ የሚመጣለት ትእዛዝ መች አነሰውና ከተማሪ ይጨመርለት? አንዱንም አላስቀረንም። በምትካቸው አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ የታሪክ አስተማሪ ብለን ለመንን፤ ከቡታጅራ ጠዋት ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ ቤት መግባት እንደሚቻልም ጻፍን። «ምን አለ እዚያ? ድንጋይ አይደለም ወይ?» የሚለውንም ጥያቄ እኛው በሁለተኛው አንቀጽ አስገባነው። በልቡ ብሎት ወረቀቱን ከሚያጥፈው፣ እኛ አንሥተን መልስ ብንሰጠው ይሻላል።

ጽሑፉ አሁን አንድ ገጽ ነው፤ በአምስት ቅጂ ተጽፏል። የቡታጅራውን የቡታጅራው ልጅ ቅዳሜ ይዞ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ለአባቱ ሊያነብለት ቃል ገብቷል። የሶዶዋም ልጅ አንድ ቅጂ ለአያቷ ወስዳለች። ለወልቂጤው ግን ገና አድራሽ አላገኘንም። በዚህ ሳምንት ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ማታ ማታ ላይብረሪ ከመስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙናላችሁ።