እቅፍና ቀበቶ

አንባቢ ሆይ! ወዳጅህ በገዛ ልጁ ላይ አደጋ የሚያመጣ ነገር ሲያደርግ ብታይ ምን ታደርጋለህ? ዝም ብትል ልጁን ትበድላለህ፤ ብትናገር ወዳጅህን ታስቀይማለህ። እኔ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ከተሳሳትሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ስሕተቴ ዝምታ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቍጣ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ እሑድ ጧት ከአንድ የቆየ ወዳጄና ከቤተሰቡ ጋር ለክርስትና ጥሪ ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ እንጓዝ ነበር። ወዳጄ መኪናውን ይነዳል፤ ባለቤቱ ገና ዓመት የሞላትን ልጃቸውን በጭኗ ላይ አድርጋ ከፊት ተቀምጣለች፤ እኔ ከኋላ ነኝ። እናትየዋ ቀበቶ አላሰረችም። ሕፃኗም እየተንጠራራች የፊቱን መስታወት በትንንሽ እጆቿ ልትነካ ትሞክራለች። ይህን ባየሁ ጊዜ ፍርሃት አደረብኝ፤ ነገር ግን «በሰው ትዳር ገብቶ የልጅ አያያዝ ማስተማር ነውር ነው» ብዬ ዝም አልሁ።

ዱከምን እንዳለፍን አንድ አህያ ከነጭነቱ ድንገት መንገድ ገባ። ወዳጄ ፍሬን ያዘ፤ መኪናውም አህያውን ሳይነካ ቆመ። ግጭት አልደረሰም። ይሁን እንጂ ሕፃኗ ከእናቷ እጅ አምልጣ ግንባሯ ከዳሽቦርዱ ጋር ተላተመ። ቢሾፍቱ እስክንደርስ ለቅሶዋ አላቋረጠም፤ ግንባሯም እንደ እንቍላል አበጠ። እናትየዋ «አጥብቄ ይዣት ነበር እኮ!» እያለች ደጋግማ ትናገር ነበር። እውነቷን ነው፤ አጥብቃ ይዛት ነበር።

ማታ ወደ ቤታቸው በተመለስን ጊዜ በሳሎኑ ጥግ አንድ የሕፃን የመኪና ወንበር አየሁ። የወዳጄ እህት ከአሜሪካ የላከችው ነው። በላዩ ላይ የታጠበ ልብስ ተከምሮበታል። በዚህ ጊዜ ቀን ያፈንሁት ንግግር ገንፍሎ ወጣ። ሕፃኗን ለመጠየቅ የመጡ ጎረቤቶች ባሉበት፣ «ይህ የተላከላችሁ ለልብስ ማስቀመጫ ነውን?» አልሁ። ወዳጄ ፊቱ ተለዋወጠ። «እኛ በምን ወንበር ታስረን አደግን? ለልጄ ከእኔ ይልቅ አንተ ታስብላታለህን?» ሲል መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ተኳርፈን ቆየን፤ ወንበሩም ከጥጉ አልተነሣም። ምክሬ ትክክል ነበር፤ አነጋገሬ ግን ትክክል አልነበረም። በሰው ፊት የተሰነዘረ ምክር እንደ ስድብ ይቈጠራልና ሰው ክብሩን ለመጠበቅ ሲል ስሕተቱን ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል።

ነገሩን በእርጋታ ሳስበው፣ እነዚያ ወላጆች የጐደላቸው ፍቅር አለመሆኑን ተረዳሁ። እናትየዋ ለልጇ ከእቅፏ የሚሻል ቦታ በዓለም ላይ ያለ አይመስላትም። ይህም የእርሷ ብቻ አስተሳሰብ አይደለም። በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት ሮበርት ሳንደርስ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ብዙ ደክሞ፣ ሕፃናት በመኪና ውስጥ በልዩ ወንበር እንዲታሰሩ የሚያዝ ሕግ እንዲወጣ አደረገ። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1978 ሥራ ላይ ሲውል ከግዛቶቹ ሁሉ የመጀመሪያው ነበር። ሆኖም በትልቅ ሰው እቅፍ ያለ ሕፃን ከግዴታው ነጻ እንዲሆን የሚፈቅድ አንቀጽ ገብቶበት ነበር። ሐኪሙ ይህን አንቀጽ «ሕፃን ጨፍላቂ» እያለ ይጠራው ነበር፤ በግጭት ጊዜ የታቀፈው ሕፃን በአቃፊው ገላና በመኪናው አካል መካከል ይጨፈለቃልና። አንቀጹ የተሰረዘው በ1981 ነው። ሕግ አውጪዎች እንኳ የተሳሳቱትን፣ አንዲት እናት ብትሳሳተው ምን ይደንቃል?

ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ ብቻዬን ወደ ወዳጄ ሄድሁ። እርሱ በእህል በረንዳ እህል ይነግዳል። በመጀመሪያ ስለ አነጋገሬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ቀጥዬም ወረቀትና እርሳስ ይዤ አብረን እናስላ አልሁት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት መጋጨት 10 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ቦታ እንደ መውደቅ ነው። መኪናው በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ በውስጡ ያለውን ሰው አብሮ ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል የሰውየውን ክብደት 20 ጊዜ ያህል ይሆናል። «ልጅህ ስንት ኪሎ ትመዝናለች?» አልሁት። «አሥር» አለኝ። «እንግዲያው በዚያች ቅጽበት 200 ኪሎ ትሆናለች፤ ሁለት ኩንታል ጤፍ ማለት ነው» አልሁት። ወዳጄ የኩንታልን ክብደት ከማንም ይልቅ ያውቃል። በግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ከረጢቶች ጥቂት ተመለከተና፣ «አንዱን እንኳ ክንድ አያቆመውም» አለ። ከዚያም መደብሩን ዘግቶ ተነሣ።

ቤት ስንደርስ ባለቤቱ፣ «ጋሼ፣ ይተዉኝ፤ ስታለቅስ ማየት አልችልም» አለችኝ። ለእርሷ በቍጥር አልመለስሁላትም። «አንቺ ከአጠገቧ ትቀመጪያለሽ፤ እጅሽንም ትይዛለች» አልኋት። ከወንበሩ ጋር የመጣውን መመሪያ አንድ በአንድ እያነበብን ሥራ ጀመርን። ወንበሩን ከኋላ፣ የሕፃኗ ፊት ወደ መኪናው የኋላ መስታወት እንዲዞር አድርገን አሰርነው። የሕፃን ራስ ለሰውነቱ እጅግ ከባድ፣ አንገቱም ደካማ ነው፤ ፊቱ ወደ ኋላ ከዞረ ግን ምቱን የወንበሩ መደገፊያ ለጀርባው ሁሉ ያከፋፍልለታል። ወዳጄ በጕልበቱ ወንበሩን ተጭኖ፣ እኔ ቀበቶውን እየሳብሁ፣ ወዲያና ወዲህ የማይነቃነቅ እስኪሆን ድረስ በላብ ተጠመቅን። እናትየዋ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ ልታስራት ስትል መመሪያው ከለከለ፤ ወፍራም ልብስ ከቀበቶው ሥር ከገባ ማሰሪያው ይላላልና። ስለዚህ አስቀድማ አሰረቻት፤ ጋቢውንም ከላይ ደረበችላት።

በመጀመሪያው ቀን ሕፃኗ አለቀሰች፤ በሁለተኛውም አለቀሰች፤ ውሎ አድሮ ግን ለመደችው። ዛሬ ያቺ ልጅ አፏን ፈትታለች፤ የእርሷና የእናቷ ቀበቶ ሳይታሰር አባቷ መኪናውን እንዲያስነሣ አትፈቅድም።

አንባቢ ሆይ! አንተ ገና መኪና አትነዳ ይሆናል፤ ነገር ግን ታናሽ ወንድምህን ወይም እህትህን በጭንህ ላይ አድርገህ ከፊት የምትቀመጥበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ወንበር በየቤቱ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ የሌለውን ሰው መውቀስም አይገባም። ቢሆንም ሕፃንን ከፊት ወንበር ማንሣት፣ የራስን ቀበቶ ማሰር፣ አንድን ቀበቶ ከሕፃን ጋር ለሁለት አለመታጠቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የእናት እቅፍ ከብርድና ከፍርሃት ያድናል፤ ከፍጥነት ግን አያድንም።

ወዳጅህ ይህን ዘንግቶ ብታየው እንደ እኔ መጀመሪያ ዝም፣ ኋላም ቍጡ አትሁን። ለብቻው አግኝተህ በሚገባው ቋንቋ ንገረው፤ ነግረኸውም አትሂድ፤ ቀበቶውን አብረኸው እሰር። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።