ዝም ያለ ቺፕ ሁሉ የተቃጠለ አይደለም



ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ ገብቶ «ቲቸር፣ የሰዓት ቺፗ አሁንም አልሠራችም፤ ሦስተኛ ልገዛ ነው» አለኝ። ገጠር ላለ ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ በራስፕቤሪ ፓይ 4 እየሠራ ነው። ፓይ 4 ደግሞ በባትሪ የሚቆጥር የራሱ ሰዓት የለውም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኢንተርኔት ከሌለ፣ መጨረሻ ካስቀመጠው ሰዓት ይቀጥላል። መብራት የጠፋባቸው ሰዓታት መዝገቡ ላይ የሉም ማለት ነው። ክትባቱ የሚሞቀው ግን በነዚያው ሰዓታት ነው!

እኔ የመለስኩለት ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚህ ልጻፈው።

ዩኤስቢ ስትሰኩ ዕቃው ራሱ «አምራቼ እገሌ፣ ሞዴሌ ይሄ» ብሎ ቁጥሩን ይናገራል። ፒሲአይ ካርድም እንደዚሁ ነው፤ የኢንቴል ከሆነ የአምራች ቁጥሩ 8086 ነው። የሊኑክስ ከርነል ቁጥሩን ይዞ «ይሄ የኔ ነው» የሚል ድራይቨር ይፈልጋል። አለቀ።

በአይቱሲ ሽቦ ላይ ያሉ ቺፖች ግን አድራሻ እንጂ እንዲህ ያለ መታወቂያ የላቸውም። ተማሪዬ የገዛት ዲኤስ3231 አድራሻዋ በሄክሳዴሲማል 68 ነው። እንቅስቃሴ የሚለካው ኤምፒዩ6050 ሴንሰርም በተለምዶ አድራሻው ያው 68 ነው። ከርነሉ ቢያንኳኳ «አቤት» የሚል ይሰማል እንጂ ማን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ አይገምትም።

ዲቫይስ ትሪ የሚባለው ሰነድ የመጣው ለዚህ ነው። መሠረቱ ሰን ኩባንያ የጀመረው ኦፕን ፈርምዌር ነው። በኤአርኤም ቦርዶች ላይ ድሮ የያንዳንዱ ቦርድ ዝርዝር ከርነሉ ኮድ ውስጥ ይጻፍ ነበር። በ2011 ሊነስ ቶርቫልድስ በዚህ መዝረክረክ ከተማረረ በኋላ ዝርዝሩ ወደ ዲቫይስ ትሪ መውጣት ጀመረ። ሰነዱ ውስጥ ኮምፓቲብል የሚባል መስመር አለ፤ የአምራቹን ስምና ሞዴሉን ይይዛል። ድራይቨሩም የሚያውቃቸውን ስሞች ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ሲገጥሙ ሥራ ይጀመራል። ሰነዱ ላይ ቺፗ ከሌለች ወይ 3231 በማለት ፈንታ 3213 ከተጻፈ ግን ከርነሉ አይጮህም፤ ዝም ይላል። ሰው «ተቃጥላለች» የሚለው ያኔ ነው።

እንዴት ትለያላችሁ? አይቱሲ ዲቴክት የሚለውን ትዕዛዝ አስኪዱና ሠንጠረዡን እዩ።

👉 ቦታው ባዶ ከሆነ ሽቦውን፣ ኃይሉን፣ ከዚያ ቺፗን ጠርጥሩ።
👉 68 ካለ ቺፗ ሕያው ናት፤ የጎደለው ሰነዱ ነው።
👉 በ68 ፈንታ ሁለት «ዩ» ካያችሁ ድራይቨር ተረክቧታል።

ሁለተኛው ከሆነ ፓይ ላይ መፍትሔው ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ የአይቱሲ አርቲሲ ኦቨርሌይን ለዲኤስ3231 የሚጠራ አንድ መስመር ጨምሮ ሪስታርት ማድረግ ነው። የድራይቨሩ ስም 1307 ስለሚል ግራ አትጋቡ፤ 3231ን ጨምሮ ብዙ ዘመዶቿን ያስተናግዳል።

ቺፕ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ደህናውን ዕቃ መጣል ያስቆጫል። ከገንዘቡ በላይ ግን፣ በዚያ መዝገብ ላይ ተማምና ሕፃን የምትከትብ ነርስ አለች። ለሷ ስንል ከመጣላችን በፊት እናጣራ።

የተቸገራችሁ ካላችሁ ሠንጠረዡን ፎቶ አንሥታችሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ አብረን እናየዋለን። መልካም ሳምንት! 🙏