በጆሮ የታየ ሥዕል

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀድሞ ያስተማርኳቸው ልጆች አልፎ አልፎ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ፤ ባዶ እጃቸውንም አይመጡም፥ አንዳንድ ጥያቄ ይዘው ነው። በቅርቡ አንዱ፥ «ጋሼ፥ ሰው በሌላው ሃይማኖት ላይ የፌዝ ሥዕል ሥሎ በጋዜጣ ማውጣት ይገባዋልን? ቢያወጣስ የተሰደበው ወገን ምን ያድርግ?» ሲል ጠየቀኝ። ነገሩ በአንድ ስኒ ቡና የሚያልቅ አልነበረምና፥ በቃል የጀመርኩትን በጽሕፈት ልጨርሰው አሰብኩ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኳቸው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ ታሪኩ የተፈጸመው በዚያ አገር ነውና።

በሴፕቴምበር 30 ቀን 2005 ዓ.ም. ዩላንስ ፖስተን የሚባለው የዴንማርክ ጋዜጣ 12 ሥዕሎች አወጣ። መነሻው ይህ ነበር፤ አንድ ደራሲ ስለ ነቢዩ መሐመድ ሕይወት ለልጆች መጽሐፍ ሲያሰናዳ፥ ሠዓሊዎች ከፍርሃት የተነሣ አንሥልም እንዳሉት ተናገረ። የጋዜጣው የባህል ክፍል አዘጋጅ ፍሌሚንግ ሮዝም፥ ፍርሃት ብዕርን መግዛት የለበትም ብሎ፥ የአገሩ ሠዓሊዎች ነቢዩን እንደሚያዩት አድርገው እንዲሥሉ ጠራቸው። ከ12ቱ ስሙ የገነነው በነቢዩ ጥምጥም ውስጥ ቦምብ አድርጎ የተሣለው ነው። በእኔ አስተያየት ግን ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ነው። አንደኛው ሠዓሊ ነቢዩን ፈጽሞ አልሣለም፤ የሣለው መሐመድ የሚባል አንድ የትምህርት ቤት ልጅ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ነው። በሰሌዳውም ላይ በፋርስ ቋንቋ የተጻፈው፥ የዚያ ጋዜጣ ሰዎች ጠብ ጫሪዎች ናቸው የሚል ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ያፌዘው በጠራው በጋዜጣው በራሱ ላይ ነው። ዳሩ ግን 12ቱም በአንድ ስም ተጠርተው በአንድ እርግማን ተረገሙ። ያን ሰሌዳ ቀርቦ ያነበበ ስንቱ ይሆን?

በኦክቶበር ወር የ11 አገሮች አምባሳደሮች ጠቅላይ ሚኒስትሩን አንደርስ ፎ ራስሙሰንን ለማነጋገር ቢጠይቁ፥ መንግሥት በጋዜጣ ሥራ አይገባም በማለት ሳይቀበላቸው ቀረ። በሕጉ በኩል አልተሳሳተም። ሆኖም እንግዳን አስቀምጦ፥ ቡና አጠጥቶ፥ «በዚህ ነገር ሥልጣን የለኝም» ብሎ መሸኘትን የሚከለክል ሕግ በየትም አገር መኖሩን አልሰማሁም። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ከዴንማርክ የተነሡ የሃይማኖት መሪዎች አንድ ጥራዝ ይዘው ወደ ግብጽና ወደ ሊባኖስ ሄዱ። በጥራዙም ውስጥ ጋዜጣው ያላወጣቸው 3 ሥዕሎች ነበሩበት፤ ይዘዋቸው የሄዱት ሰዎች እነዚህ ለስድብ ተብለው የተላኩልን ናቸው ብለዋል። ከሦስቱ አንዱ በፈረንሳይ አገር በአሳማ ድምፅ የመጮህ ውድድር ላይ የአሳማ አፍንጫ ያጠለቀ ሰው ፎቶግራፍ ነበር፤ ከነቢዩም ሆነ ከእስልምና ጋራ አንዳች ግንኙነት አልነበረውም። በፌብሩዋሪ 2006 በደማስቆ የዴንማርክ ኤምባሲ፥ በቤይሩትም ቆንስላው ተቃጠለ። በልዩ ልዩ አገር ብዙ ሰዎች ሞቱ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ!

ይህን ስል ፌዝ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በ1831 ዓ.ም. ሻርል ፊሊፖን የተባለ የፓሪስ ጋዜጠኛ ንጉሡን ሉዊ ፊሊፕን በሥዕል ተሳለቅህ ተብሎ ተከሰሰ። በዳኞቹም ፊት የንጉሡን ፊት ሥሎ፥ በሁለተኛው ሥዕል ጥቂት ለወጠው፥ በሦስተኛው ደግሞ ጥቂት፥ በአራተኛው ላይ ንጉሡ የበርበሬ ሳይሆን የፒር ፍሬ ሆኖ ቍጭ አለ። «ፒር መሣል ወንጀል ነውን?» ለማለት ነው። በፈረንሳዮች ዘንድ ፒር ማለት ሞኝ ማለትም ነበርና ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ጓደኛው ኦኖሬ ዶሚዬም ያን ንጉሥ የድሆችን ገንዘብ በቅርጫት ሲውጥ ሥሎት፥ በ1832 ዓ.ም. የ6 ወር እስራት ቀመሰ። ይህ ፌዝ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ነበር፤ ተመልሶም የመታው ወርዋሪውን ነው። እንዲህ ያለውን ሠዓሊ አከብረዋለሁ።

ቦምብ የተሣለበት ጥምጥም ግን ወደ ማን ተወረወረ? ሠዓሊው የነቀፍኳቸው በእምነት ስም የሚገድሉትን ነው ይላል። ይሁንለት። ነገር ግን በኮፐንሃገን አውቶቡስ የሚነዳው፥ ሆስፒታል የሚጠርገው፥ ማታ ለልጆቹ ዳቦ ገዝቶ የሚገባው ሰውዬ ደግሞ ያ ነቢይ የእርሱም ነቢይ ነው። በወንጀለኛው ላይ የተቃጣው በትር እርሱን መታው፤ እርሱም የሚመልስበት ጋዜጣ የለውም። ስለዚህ ያን ሥዕል አልወደውም፤ አዘጋጁ እኔ ብሆን አላወጣውም ነበር። ይሁን እንጂ ሕግ ይከልክለው አልልም። በደርግ ዘመን ወጣት ሳለሁ ሳንሱር ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። መቀሱን ነውረኛውን ቃል ብቻ ይቍረጥ ብለው የሰጡት እጅ፥ ውሎ ሲያድር መቍረጡን ይለምድና እውነተኛውንም ይቈርጣል።

ሻርሊ ኤብዶ የሚባለው የፓሪስ ጋዜጣ በ2006 ዓ.ም. እነዚያን ሥዕሎች መልሶ ባተመ ጊዜ፥ የፓሪስ ታላቁ መስጊድና ሌሎች ማኅበሮች ከሰሱት፤ በ2007 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጋዜጣውን በነጻ ለቀቀ። በሙግት ተረትቶ ወደ ቤት መመለስ መራራ ነው፤ ቢሆንም እነዚያ ሰዎች ቍጣቸውን ወደ ዳኛ በመውሰዳቸው ሃይማኖታቸውን አስከበሩት እንጂ አላዋረዱትም። ጃንዋሪ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ግን ሁለት ወንድማማቾች በዚያው ጋዜጣ ቤት ገብተው ተኰሱ፤ በዚያ ጥቃት 12 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ በመንገድ ላይ የወደቀው ሙስሊሙ ፖሊስ አሕመድ መራቤ ነበር። አሕመድ ከነቢዩ ስሞች አንዱ ነው። ነቢዩን ተበቀልንለት ያሉ ሰዎች በነቢዩ ስም የተጠራውን ሰው ገደሉት።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነገር ነው፤ ባናውቅም መምህር ለመምህር ባልደረባ ነውና። ሳሙኤል ፓቲ በፓሪስ አጠገብ የታሪክና የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። በኦክቶበር 2020 ዓ.ም. ስለ መናገር ነጻነት ሲያስተምር የሻርሊ ኤብዶን ሥዕሎች አሳየ፤ ከማሳየቱም በፊት፥ ሥዕሉን ማየት የሚያስቀይመው ተማሪ ቢኖር ለጥቂት ጊዜ ፊቱን ይመልስ ወይም ይውጣ ብሎ ፈቀደ። አንዲት የ13 ዓመት ተማሪ ግን፥ መምህሩ ሙስሊሞች እንዲወጡ አዘዘ ብላ ለአባቷ ነገረችው። ልጅቱ በዚያ ቀን ከክፍሉ አልነበረችም! አባትዬው ያልመረመረውን ቃል በስልክ ለዓለም በተነው። ወሬው ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚኖር የ18 ዓመት ጕልማሳ ዘንድ ደረሰ። ይህ ጕልማሳ መምህሩን በመልኩ አያውቀውም ነበርና፥ ከትምህርት ቤቱ በር ቆሞ፥ ፓቲ የትኛው እንደ ሆነ እንዲያሳዩት ለተማሪዎች ገንዘብ ሰጠ። በኦክቶበር 16 ቀን ራሱን ቈረጠው። በ2023 ዓ.ም. ልጅቱ በሐሰት መወንጀሏን ፍርድ ቤት አረጋገጠ።

እስቲ ሰንሰለቱን ተመልከት። ያላየች ተናገረች፤ ያልጠየቀ አሰራጨ፤ የማያውቅ ገደለ። በሥዕሉና በደሙ መካከል የቆሙት ምላሶች ናቸው።

እኔም ከብዙ ዓመታት በፊት ሙስሊምና ክርስቲያን ልጆች በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው በሚማሩበት ከተማ ሳስተምር፥ ነገሩ በትንሹ ደርሶብኛል። አንድ ተማሪ በዕረፍት ጊዜ የጓደኛውን አባት ሲሰግድ እያላገጠ በሰሌዳ ላይ ሣለው። ጓደኛውም አይቶ እያለቀሰ ወደ ቤቱ ሮጠ። ሰሌዳውን ሊጠርጉ ሲሉ ከለከልኩና በሩን ቈለፍኩ። እኩለ ቀን ሳይሆን ወሬው ገበያ ደርሶ ነበር፤ ነቢዩ ተሣሉ፥ ያሣለውም መምህሩ ነው ተብሎ። አባትዬው፥ የተከበሩ ነጋዴ፥ ብዙ ሰው አስከትለው መጡ። «ሐጂ፥ ከመነጋገራችን በፊት ይዩት» ብዬ በሩን ከፈትኩላቸው። ብቻቸውን ገብተው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። ሲወጡም፥ «ሥዕሉ መጥፎ ነው፤ ተቀይሜአለሁ። ነገር ግን ይህን የሣለው ልጅ ነው፤ በገበያ የሰማሁትን የሣሉት ጢም ያወጡ ሰዎች ናቸው» አሉ። በማግሥቱ ሣዩ ልጅ ከአባቱ ጋራ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሰሌዳውንም በገዛ እጁ ጠረገ። ሐጂው ግን ቅያሜአቸውን ወዲያው አልተዉም፤ እንዲተዉም አልጠየቅኳቸውም። በዚያ ዘመን ወሬ በእግር ይሄድ ነበርና በሩን ለመክፈት ጊዜ አገኘሁ። ፓቲ ይህ ጊዜ አልተሰጠውም።

የልጁ ሁለተኛ ጥያቄ ቀረ፤ የተሰደበው ምን ያድርግ? በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፍ ያየሁት ሥዕል አለ። በ1857 ዓ.ም. በሮም ከተማ በፓላቲን ኮረብታ፥ የቤተ መንግሥት ብላቴኖች ይማሩበት ነበር በሚባል ቤት፥ በግድግዳ ላይ ተጭሮ የተገኘ ነው። ዕድሜው ወደ 1,800 ዓመት ይገመታል። የአህያ ራስ ያለው ሰው ተሰቅሎ፥ ከእግሩ በታች አንድ ብላቴና እጁን ሲያነሣ ያሳያል፤ በግሪክ ቋንቋም «አሌክሳሜኖስ አምላኩን ያመልካል» የሚል ተጽፎበታል። አንድ ክርስቲያን ልጅ በጓደኞቹ ዘንድ የተሳለቁበት ሥዕል መሆኑ ነው። እኔ ከማመልከው ጌታ ላይ የተሣለ ስድብ ነውና፥ መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ፊቴ ጋለ።

በዚያው ቤት በሚቀጥለው ክፍል፥ በሌላ ሰው እጅ፥ በላቲን ቋንቋ የተጫረ አጭር ጽሕፈት ደግሞ ተገኝቷል፤ «አሌክሳሜኖስ ታማኝ ነው» ይላል። የጻፈው ሰው ስሙን አልተወም።