ጆንያ በኪራይ

የዲኮር ባለሙያው ዋጋ የጻፈበትን ወረቀት ሙሽራዋ ለአባቷ ስታነብላቸው አራተኛው መስመር ላይ አስቆሟት። «ምን አልሽኝ? ጆንያ?»

አዎ፣ ጆንያ። ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ፣ ወንበር ጀርባ ላይ የሚታሰር፣ በቁጥር የሚከራይ ጆንያ። ከሱ ሥር የፕላስቲክ ቅጠል አለ፤ እሱ ደግሞ በሜትር ይከራያል። አባትየው ሀዋሳ፣ ሀዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቡናና እንሰት ያላቸው ገበሬ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሲከቱበት የኖሩትን ዕቃ ልጃቸው ከፍላ ልታስመጣው መሆኑ ሲገባቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ሳቁ ሲበርድ ግን ቁም ነገር ጠየቁ፦ «ጓሮ ያለው እንሰት ምን ቢያደርግሽ ነው ፕላስቲክ የምትከራዪው?»

ልጅቱ መልስ አልነበራትም።

«የገጠር መልክ ያለው» የሜዳ ሰርግ አሁን በየከተማው ፋሽን ሆኗል። ሣር፣ ዛፍ፣ ያልተላገ እንጨት ጠረጴዛ፣ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ አምፖል። ብዙዎች የሚመርጡት ይረክሳል ብለው ነው። ሁልጊዜ አይረክስም። አዳራሽ ወንበሩን፣ ወጥ ቤቱን፣ መብራቱንና መጸዳጃውን ይዞ ይጠብቃል፤ ሜዳ የሚጠብቀው ባዶውን ነው። ቀላል ለመምሰል የሚወጣው ገንዘብ አንዳንዴ ደምቆ ለመታየት ከሚወጣው ይበልጣል።

ሙሽራዋ በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ሙሽራው የሁለተኛ ደረጃ መምህር። በእጃቸው ያለው የሁለት ዓመት እቁብ ነው። መጀመሪያ የጠየቁት ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ሣር ሜዳውን ነበር። ዋጋው በሰው ይቆጠራል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ በዚያ ላይ የአገልግሎት ክፍያ። ቀብድ ካልተከፈለ ደግሞ ዋጋው አይጸናም። በዚህ ነጋዴውን ብቻ መውቀስ አይቻልም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ተወስኖ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ካለፈ ወዲህ የዛሬን ዋጋ ለስድስት ወር ቃል የሚገባ ሰው ጥቂት ነው። ቬሎውም፣ የውጭ መጠጡም፣ ያ የፕላስቲክ ቅጠልም የሚመጡት በዶላር ነው።

ቀጥሎ የታሰበው አሞራ ገደል ነበር። ለፎቶ የሚያህለው የለም። አንድ እሑድ ከሰዓት ሄደው ሲያዩት ግን ሐሳቡ እዚያው ቀረ። ጠዋት እንደ መስታወት የተኛው ሐይቅ ከሰዓት ነፋስ አስነሥቶ ነበር፤ የጠረጴዛ ልብስ የሚያስቀር ነፋስ አይደለም። ጦጣዎቹ ከሰው እጅ መንጠቅ ለምደዋል። የዓሣ ትርፍራፊ የለመዱት አባ ኮዳዎች ደግሞ እንደ ተጋበዘ ሽማግሌ ከሰው ጎን ይቆማሉ። እዚያ ቡፌ መዘርጋት ሌላ ዓይነት እንግዳ መጥራት ነው።

ስለዚህ ነገሩ ወደ አባት ጓሮ ተመለሰ። ሜዳ ላይ መደገስ ለሲዳማ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የመዘገበው ፊቼ ጨምበላላ ሀዋሳ ላይ የሚከበረው ጉዱማሌ ላይ፣ ሰማይ ሥር ነው። ድሮም ሰርግ የሚደገሰው በዳስ ነበር፤ ከቀርከሃና ከቅጠል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በሚሠራው። ያኔ «ዲኮር» አልተባለም እንጂ።

ቦታው በነጻ ተገኘ ማለት ግን ወጪው ቀለለ ማለት አይደለም። ሰርግን የሚያስወድደው የሰው ቁጥር ነው። ልጆቹ 150 ሰው ጻፉ። የአባትየው ደብተር 400 አለፈ።

በማኅበራዊ ሚዲያ «ሰርግ ብክነት ነው» እያሉ የሚጽፉ ወጣቶች ይህችን ደብተር ቢያዩዋት ጥሩ ነበር። ተሳስተዋል ለማለት አይደለም፤ ግማሹን ብቻ ነው ያዩት። ደብተሩ ውስጥ ያለው ስም ሁሉ ታሪክ አለው። አንዱ ለትልቁ ልጅ ሰርግ በግ ጎትቶ የመጣ ነው። ሌላው አያት የሞቱ ጊዜ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ያደረ ነው። የብዙዎቹን ድግስ አባትየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተጠርተው በልተዋል። «በብድር የበላሁት ነው» አሉ። «ልጄን ስድር ካልጠራኋቸው ሌባ ነኝ።»

ሙሽራው በትሕትና ጀምሮ መጨረሻው ላይ አመለጠው፦ «አባባ፣ የበሉት እርስዎ ነዎት፤ የምንከፍለው ግን እኛ ነን።»

ለአንድ ሳምንት ስለ ሰርግ ማንም አላነሣም። ልጁ የተናገረው እውነት ነበር፤ አዛውንቱም እውነት ነበራቸው። እድር ባለበት አገር ሰርግ ላይ ሳይጠሩ የቀሩ ሰዎች በለቅሶ ቀን ይታወሳሉ። አባትየው የፈሩት ሐሜት ብቻ አልነበረም። እሳቸውን ማን እንደሚቀብራቸው ነበር።

የፈቱት እናትየው ናቸው። «ባለ ብድር ሁሉ ምሳ አይፈልግም፤ መጠራት ነው የሚፈልገው» አሉ። ከሰርጉ በፊት ባለው ቅዳሜ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች በሙሉ ቤት ይጠራሉ። ቡና ይፈላል፣ ቡርሳሜ በቅቤ ይቀርባል፣ ሙሽሮቹ ጉልበት ስመው ይመረቃሉ። እንሰቱ ከጓሮ፣ ቡናው ከጓሮ ነው፤ የሚገዛው ቅቤ ነው፤ እሱ ግን የዋዛ አይደለም። ጥሪው በካርድ አይሆንም። አባትየው በእግራቸው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ለሰርጉ ምሳ 180 ሰው ይቀራል። ልጆቹ 30 ጨመሩ፣ አባትየው ከ200 በላይ ለቀቁ፤ ማን የበለጠ እንደተሸነፈ እስካሁን ያከራክራቸዋል።

ቀኑ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ዋለ። ጥር ሰው ሁሉ የሚያገባበት ነው፤ ከካሜራ እስከ ወንበር ኪራይ ይወደዳል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የበልግ ዝናብ አለ፤ ጣሪያ ለሌለው ሰርግ እሱ ቁማር ነው። ኅዳር መግቢያ ላይ ክረምቱ ወጥቷል፣ ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾምም ገና ስለሆነ ኦርቶዶክስ እንግዶች ሥጋ ይበላሉ። በዚያ ላይ የቡና ለቀማ ወቅት ነው። እሸት ቡና የሸጠ ዘመድ እጁ ላይ ገንዘብ አለው፤ ችግሩ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሰርጉ እሑድ ሆነ።

ድንኳኑ ሌላ ጭቅጭቅ ነበር። እድሩ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ሳህን በትንሽ ክፍያ ይሰጣል። የሙሽራው እናት ድንኳኑን ሲያዩት «ይሄ የለቅሶ ነው፣ ልጄን እዚህ ሥር አላስቀምጥም» አሉ። ድንኳኑ ለወጥ ቤቱ ይሁን ተባለ፤ እንግዶቹ በቀርከሃ ዳስና በአቮካዶው ዛፍ ጥላ ይቀመጣሉ። ምሳው ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ይጀመራል። ለፎቶ አመቺ ሰዓት አይደለም፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ግን ከመሸ ከቱላ መሀል ከተማ የሚመልስ ባጃጅ ዋጋው ሌላ ነው፣ ጀኔሬተርም መከራየት ይመጣል።

ሜዳ ሰርግ ያሰበ ሁሉ የሚረሳውን መጸዳጃ ቤት ያስታወሰው ሙሽራው ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ሁለት ቅዳሜ መጥተው ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ለሰርግ የሰጡት ስጦታ እሱ ነው። የውሃው ነገር ገና አላለቀም፤ ሁለት በርሜል ተገኝቷል፣ ሦስተኛው ይፈለጋል።

ጆንያዎቹ ታጥበው አጥሩ ላይ ተሰጥተዋል። ሃያ ሦስት ናቸው። አንደኛው ላይ በትልልቅ ፊደል «የሲዳማ ቡና» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሙሽራዋ እሱን ለሙሽሮች ጠረጴዛ መርጣዋለች። እናቷ ተገልብጦ ይነጠፍ ይላሉ። አልተስማሙም።